ልብስ ሰፊው ያዩዋት እጅ

ይህ ከሆነ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬም በታክሲ በመካኒሳ አቦ በኩል ሳልፍ፣ የድሮዎቹ የቆርቆሮ ሱቆች የነበሩበትን ቦታ ዞር ብዬ ሳላይ አላልፍም።

ቢታንያ የመጀመሪያ ልጄ ናት። ያኔ ስምንት ወሯ ነበር። ገና ዕቃ መያዝ ከጀመረች አንስቶ ሁሉንም ነገር የምታነሳው በግራ እጇ ነበር። ጎረቤቶቼ «ግራኝ ናት!» ሲሉ ደስ ይለኝ ነበር። አባቴ ግራኝ ነበር፤ እሷን ሳያይ ነው የሞተው። የእሱን ነገር ይዛልኝ የመጣች መሰለኝ። ቀኝ እጇን ጨብጣ እንደምትውል እያየሁ አላየሁም።

የእህቴ ሠርግ ሲደርስ ቀሚስ ላሰፋላት ከሱቆቹ ወደ አንዱ ገባሁ። ልብስ ሰፊው ጋሽ ከድር የሚባሉ፣ ሜትር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሰው ነበሩ። ከዚያ በፊት አላውቃቸውም።

ልኳን ለማየት አንድ የተሰፋ ቀሚስ አለበሷት። ግራ እጇ ገባ። ቀኙ ግን ታጥፎ አልዘረጋ አለ። ቀስ ብለው ደጋግመው ሞከሩ። ከዚያ ቀሚሱን አወለቁና ሜትራቸውን በቀኟ በኩል አወዛወዙላት። ቢታንያ ሰውነቷን አዙራ በግራዋ ያዘችው።

«ልጄ፣ ይቺን እጇን ሐኪም አይቷታል?» አሉኝ።

«ግራኝ እኮ ናት።»

«ግራኝ በዚህ ዕድሜ አይለይም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ዕድሜዬን ሙሉ የሕፃን ክንድ እጅጌ ውስጥ ሳስገባ ነው የኖርኩት። ይቺ እጅ ሌላ ናት። አሳዪያት።»

ተናደድኩ። «ልጄ ምንም አልሆነችም!» ብዬ አቅፌያት ወጣሁ። ደህና ዋሉ እንኳን አላልኳቸውም።

ቤት ገብቼ ግን ግራ እጇን በቀስታ ያዝኩና በቀኟ በኩል ብስኩት አቀረብኩላት። ቀኝ እጇ አልተነሳም። አፏን ከፍታ በአንገቷ ወደ ብስኩቱ ተሳበች። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሟ መርምራት፣ የአንጎሏን ምስል በኤም.አር.አይ አስነስታ ውጤቱን ስትነግረን ባለቤቴም አብሮኝ ነበር።

«ስትሮክ ነው» አለችን።

«የትልቅ ሰው በሽታ አይደለም እንዴ?» አለ ባለቤቴ።

«ሕፃናትንም ያገኛል። የእሷ ከመወለዷ በፊት ወይም በተወለደች ሰሞን የሆነ ነው፤ ወደ አንጎሏ በአንድ በኩል የሚሄደው ደም ተዘግቶ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው እንዲህ ዘግይቶ፣ እጃቸውን መጠቀም ሲጀምሩ ነው።»

«ያጠፋሁት ነገር አለ?» አልኳት።

«ምንም ያጠፋሽው የለም። ደግሞ በጊዜ ነው የመጣችው። የሕፃን አንጎል ገና ይማራል።»

ፊዚዮቴራፒ ጀመርን። ጠዋት ጠዋት ደጃችን ላይ ምንጣፍ አነጥፋለሁ። ባለሙያዋ እንዳሳየችኝ፣ ለተወሰነ ሰዓት ግራ እጇ ላይ ካልሲ አጠልቅና በቀኟ እንድትጫወት ጣሳና ማንኪያ አቀርብላታለሁ። ታለቅሳለች፤ አብሬያት አለቅሳለሁ፤ ከዚያ እዘፍንላታለሁ። ማንኪያዋን መጀመሪያ ጨብጣ ያነሳች ዕለት ስጮህ ጎረቤቴ ክፉ ነገር የደረሰ መስሏት በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች።

ጋሽ ከድርን ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አላስጨረሱኝም። «ሐኪሙ ምን አለ?» ብቻ ነው ያሉኝ። ቀሚሷን ሲሰፉላት ክንዷ እንዳይጨነቅ የቀኝ እጅጌዋን እስከ ትከሻ በቁልፍ የሚከፈት አደረጉላት። በኋላ ሱቆቹ ለመንገድ ሲፈርሱ አገራቸው ገቡ አሉ። ዳግም አላገኘኋቸውም።

ቢታንያ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ናት። ሲደክማት በቀኝ እግሯ ትንሽ ታነክሳለች፤ ቀኝ እጇም እንደ ግራዋ አይፈጥንም። ግን የዩኒፎርሟን ቁልፍ ራሷ ትቆልፋለች።

የሚገርመው ያ ጊዜ ይናፍቀኛል። ፈርቼ ነበር፤ ደክሞኝም ነበር። ግን ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀምጠን አንዲት ጣቷ እስክትከፈት ስንጠባበቅ እንደዋልነው ያለ ጊዜ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም። አሁን ልርዳሽ ስላት፣ «ተይኝ እማ፣ እኔው» ትለኛለች። ደስ ይለኛል። ትንሽም ሆድ ይብሰኛል።