የቅርጫው ልብ

የሰውን አካል የተማርኩት ከፕላስቲክ ነው። የሕክምና ተማሪዎቹ ሬሳ ነበራቸው። እኛ የባዮሜዲካል ምሕንድስና ተማሪዎች ግን ጣፊያው የጠፋ፣ አንድ ኩላሊቱ በፕላስተር የተያዘ አንድ አሻንጉሊት ለአርባችን ተሰጠን። መምህራችን "ለእናንተ ልብ ማለት ፓምፕ ነው፤ ቫልቭ አለው፣ ግፊት አለው፣ በቃ" ይለን ነበር። ወደድኩት። የቡሬ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ካምፓስ እስክገባ በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አፌን ሞልቼ ተናግሬ አላውቅም። የልብን ክፍሎችና ቫልቮች ግን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝኳቸው። ፈተናውን ከክፍሉ አንደኛ ሆኜ አለፍኩ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ።

ለፋሲካ አገር ቤት ገባሁ። በመንደራችን ጎረቤት ተሰብስቦ በሬ ያርድና ቅርጫ ይካፈላል። በቅርጫ ወግ ልቡም ጉበቱም ተቆራርጦ በየመደቡ እኩል ይገባል እንጂ ለማንም ተለይቶ አይሰጥም። እኔ ግን ከመከፋፈሉ በፊት ልቡን ለምኜ ወሰድኩ። ሽማግሌዎቹ "ለዶክተሩ ስጡት" አሉ። ዶክተር እንዳልሆንኩ፣ የምማረው የሐኪም ቤት ማሽን ለመጠገን እንደሆነ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ደስ ብሎኝ ነበራ።

ልቡን ቅጠል ላይ ሰንጥቄ ከፈትኩና ማስተማር ጀመርኩ። ደም በዚህ ይገባል፣ በዚህ ይወጣል፤ እነዚህ ስስ ነገሮች በሮች ናቸው፣ ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋሉ። ቢላ የያዘው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ከበበኝ። አባቴ ከበስተኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። በየዓመቱ መጥረቢያውን ይዞ አጥንት የሚፈልጠው እሱ ነበር፤ ያን ዕለት መጥረቢያው ጎረቤታችን እጅ ነው። አየሁ፤ ግን ምንም አላሰብኩም።

"እኔ የምልህ ልጀ" አለ አባቴ። "ቋሪት ካሉት ዘመዶቻችን አንድ ሰው አለ። ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ይቆረጣል። ጋደም ሲል ያፍነዋል፤ ተቀምጦ ነው የሚያነጋ። እግሩም ያብጣል። ይኸ ከምታሳየን ውስጥ የትኛው ቢበላሽ ነው?"

በቢላው ጫፍ የግራውን በር ነካሁ። "ይቺ ናት።"

"ታዲያ ይበጃል?"

ስለ ሕክምናው ገና አልተማርንም ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አላውቅም ማለት ግን ሞት መሰለኝ። "አንዴ ከተበላሸ አይበጅም" አልኩ። "ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ከሚንከራተት ቤቱ ዐርፎ ቢቀመጥ ይሻለዋል።"

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። "ገባኝ" አለ። የበሬው ልብ ተቆራርጦ በየመደቡ ገባ፣ ዕጣ ወጣ፣ ሥጋችንን ይዘን ወደ ቤት ሄድን።

በዓመቱ ስለ ሰው ሠራሽ አካላት ስንማር አስተማሪዋ ቀለበት የምታህል ነገር በክፍሉ አዞረች። የልብ ቫልቭ ናት። የተበላሸው ወጥቶ እሷ ትተከላለች አለችን፤ በር የጠበበበትም ደረቱ ሳይከፈት፣ በደም ሥር ገብታ በምትነፋ ትንሽ ፊኛ ይሰፋለታል፤ በጊዜ የደረሰ ሰው በኪኒንም ብዙ ዓመት ይኖራል። ቫልቯ መዳፌ ላይ እንዳለች የቋሪቱ ሰውዬ ትዝ አለኝ።

ከክፍል እንደወጣሁ እናቴ ጋ ደወልኩ። "ለቋሪቱ ዘመዳችን ንገሩልኝ፤ ተሳስቻለሁ፣ ሕክምና አለው" አልኳት።

"የቱ የቋሪት ዘመድ?" አለች። ነገርኳት። "ቋሪት የታመመ ሰው የለንም ልጀ። አባትህ ነው እንጅ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብየ ስንት ለመንሁት። ልጀ ቤቱ ይቀመጥ ብሏል፣ ከሱ የበለጠ ማን ያውቃል አለኝ። ያልኸው አንተ አይዶለህ እንዴ?"

መጀመሪያ የተናደድኩት በአባቴ ነው፤ ለምን በግልጽ አልነገረኝም ብዬ። የእኛ አገር ትልቅ ሰው ግን ስለ ሕመሙ ሲጠይቅ "አንድ ሰው አለ" ብሎ ነው የሚጀምረው። ይህን ፊደል ሳልቆጥር በፊት አውቀው ነበር። ትምህርቱ አስረሳኝ እንዳልል ትምህርቱ ምን አደረገኝ? እኔው ነኝ፤ ጉራዬ ነው።

በሦስተኛው ቀን ፍኖተ ሰላም ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ እኔን የሚያህል ወጣት ነው። በአልትራሳውንዱ ላይ ያቺን በር አየኋት፤ በቢላ የነካኋት ራሷ ናት። ደንድናለች፤ በቅጡ አትከፈትም፣ በቅጡም አትዘጋም። ልቡ ከልክ በላይ ተለጥጧል። ሐኪሙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ለቀዶ ጥገና ጊዜው አልፏል፤ አምና ቢመጡ አዲስ አበባ እንልካቸው ነበር" አለኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ። "አባት፣ እንዲህ እስኪብስብዎ ድረስ ምነው ዘገዩ?"

አፌን ከፈትኩ። አባቴ ቀደመኝ።

"አዝመራ ይዞኝ ነው" አለ። "ልጀስ ሂድ ሂድ እያለ ሲወተውተኝ ነበር። እምቢ ያልሁ እኔ ነኝ።"

ሐኪሙ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ውሸት ነው አላልኩም። ጎንበስ ብዬ ያበጠ እግሩን ጫማው ውስጥ ለማስገባት ታገልኩ፤ አልገባም። ጫማውን በእጄ ይዤ ወጣን።