ከላሜራው የቀነስኩት አንድ ጣት

እንጅባራ ላይ ብየዳ ቤት ከከፈትኩ ብዙ ዘመኔ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቀረ፤ ብረት ግን አውቃለሁ እል ነበር። ላሜራ ሲጠቀለል እንደ ውፍረቱ ይለጠጣል። ስለዚህ የአሮጌውን ዕቃ ዙሪያ በገመድ እለካና ከርዝመቱ አንድ ጣት ቀንሼ እቆርጣለሁ። ሥራውን ያሳየኝ ሰው እንዲህ ያደርግ ነበር፤ እኔም እንዲሁ።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ስታጣ ኮምፒውተሯን ይዛ እኔው ዘንድ ገባች። የሚጠቀለለውን ዕቃ እዚያ ውስጥ ትሠራውና ትዘረጋዋለች። ክብ ሆኖ የቆመው ነገር እንደተተረተረ ቀሚስ ጠፍጣፋ ሲሆን እያየሁ እገረም ነበር።

በዚያ ክረምት ከግምጃ ቤት ከተማ አንድ ባለወፍጮ መጣ። እህል የሚፈስበት ሾጣጣው አፍ በዝገት ተበልቶበታል። መንገድ ተዘግቶ ስለከረመ የቀረን ወፍራም ላሜራ አንድ ብቻ ነው። ልጄ ለክታ ሣለች፤ አሳትማ ወረቀቶቹን በፕላስተር አያይዛ ላሜራው ላይ አነጠፈችልኝ።

“በዚሁ ይቁረጡት አባዬ” ብላ ለምሳ ወጣች።

አየሁት፣ አየሁት። መለጠጡን ረስታለች፣ ልጅ አይደለች ብዬ አንድ ጣት ወደ ውስጥ ገብቼ በጠመኔ አሰመርኩና ቆረጥኩ።

ከሰዓት ቱቦ ላይ እየቀጠቀጥን ስንጠቀልለው ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አለ። ባለወፍጮው አጠገባችን ቆሟል።

“ይሄ የማን ልክ ነው?” አለ። መዶሻዬን አነሳሁ። ወደ ልጄ ዞረና፣ “እኔ ፎቶ አንሽልኝ አልኩሽ? ብረት በቴሌቪዥን ይቆረጣል እንዴ?” አላት። ደጅ የቆሙት ሳቁ። እኔ መዶሻዬን አገላብጥ ነበር።

ሰውየው ሻይ ሊጠጣ ሲሄድ ልጄ ከመሬት ቀጭኗን ቁራጭ አነሳች።

“ይቺን ማን ቀነሳት?”

“እኔ ነኝ። ይለጠጥ የለም እንዴ?”

“ውፍረቱን ለኮምፒውተሩ ነግሬው ቀንሶታል እኮ፣ አባዬ።” ቁራጯን ወደ እኔ ዘርግታ፣ “ታዲያ ምነው ለሰውየው ሳይነግሩት?” አለች።

ቁራጯን ከእጇ ተቀብዬ ወደ ላሜራው ዞርኩ።

ክፍተቱን በቁራጭ ደፍኜ በየድኩለት። ብየዳው ላይ እህል እየተያዘበት ባለወፍጮው ለገበያተኛው ሁሉ አወራ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሰው ገና ሳይቀመጥ “የልጅቷ ልክ እንዳይሆን አደራ” ይላል። መስከረም ሳያልቅ ኮምፒውተሯን ይዛ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች። ማታ አብረን እንበላለን፤ ስለ ብረት አንስታ አታውቅም።

በጥቅምት ግምጃ ቤት ድረስ ሄድኩ። ባለወፍጮው ቅንድቡ ሁሉ ዱቄት ነው።

“ጥፋቱ የኔ ነበር። የልጄ ልክ ትክክል ነው፤ ቀንሼ የቆረጥኩት እኔ ነኝ” አልኩት።

ሳቀ። “ይተዉ እንጂ! አባት አይደሉ? እኔም ለልጄ እንዲሁ እል ነበር።”

“ሚካኤልን! እኔ ነኝ።”

“ማሉ ደግሞ!” ብሎ ወረፋ ወደሚጠብቁት ሴቶች ዞረ። “ስሙልኝማ፣ የልጃቸውን ጥፋት በራሳቸው ሊያደርጉት ነው።”

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ።

“እንዲህ ያለ አባት ይስጥ!” አለች አንዷ።