መብራት ጠፍቶ የመረጥነው ፒያኖ

ነገሩ የሆነው ሚሌኒየሙ ከተከበረ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ ነው። ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ ያችን ቀን ግን ልርሳት ብልም አልሆነልኝም። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፣ ከዚያ አላለፍኩም። አጻጻፌን ታገሡኝ።

ያረጀሁት አዘዞ ወፍጮ ቤት ስሠራ ነው። ልጄ ብርቱካን አዲስ አበባ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልትገባ ተፈትና ወድቃ ተመለሰች። እዚህ የተለማመደችው በተውሶ ኦርጋን ነበር፤ ቁልፉ ሲነኩት ይወርዳል። እዚያ የሰጧት ግን ትልቁን ፒያኖ ነው። ጣቴ ቁልፉን መጫን አቃተው አለችኝ። እዚህ ያለው አስተማሪዋ፣ የቀራት አንድ የፈተና ዕድል ነው፣ ቁልፉ እንደ ትልቁ ፒያኖ የሚከብድ፣ በመብራት የሚሠራ ዲጂታል ፒያኖ ካልተገኘላት አትድከሙ አለን።

ትክል ድንጋይ የሚኖረው ወንድሜ ዘንድ የነበረችኝን ላም ሸጥኩ። ከዚያ መንከራተት ሆነ። እዚሁ ከተማችን ፒያሳና አራዳ ያለውን ሱቅ ሁሉ ዞርን። የሚያሳዩን መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል፣ ከበሮውንም ዋሽንቱንም ራሱ የሚጫወት ኦርጋን ነው። ልጄ ነካ አድርጋ ራሷን ትነቀንቃለች። ሸጋ ሸጋው ከአቅማችን በላይ፣ የረከሰው ቁልፉ ቀላል። ዝናቡ አልቆመም፤ እግሬም አበጠ።

በመጨረሻ ጀማል የሚባል ነጋዴ ሱቅ ገባን። በመተማ በኩል የመጡ ሁለት ያገለገሉ ዲጂታል ፒያኖዎች አሉኝ አለ። መብራት ግን ከጧት ጀምሮ ጠፍቷል።

“አያ፣ ዛሬ ይሂዱ። መብራት ሲመጣ ድምፁን ሰምተው ይመርጣሉ” አለኝ።

“አልሄድም።”

“ምነው? ዕቃው አይሸሽ።”

“ዕቃውስ አይሸሽም። ሁለተኛ የማልመጣው እኔ ነኝ። እግሬን እየው።”

ሳቀና በርጩማ አቀረበልኝ። ልጄን ሞክሪው አልኳት። እንዲህ ዱዳ ሆኖ እንዴት ብዬ አለችኝ። የቸገረሽ ክብደቱ ነው እንጂ ድምፁ አይደለም፣ ተቀመጭ አልኳት።

አንደኛው አዲስ የሚመስል፣ የሚያብለጨልጭ ነው። ጥቂት ነካክታው ተነሣች። ሁለተኛው ጠርዙ የተሰበረ ነው። እሱ ላይ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። እጇ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ትከሻዋ ይወዛወዛል፣ ድምፅ የለም። የዝናብ መከለያ ላስቲክ ልትገዛ የመጣች ሴት ቆማ ታያት ጀመር።

“ይች ልጅ ምን ሆና ነው?”

“ፒያኖ እየተጫወተች” አለ ጀማል።

“ታዲያ ድምፁ የታለ?”

ልጄ ጨርሳ ክንዷን እያሸች ተነሣች። “አባዬ፣ ይሄ ነው። እጄን አደከመኝ” አለች። ያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ ሸጋው ወሬ ይሄ ነበር።

ጀማል ግን ከፋው። ድምፁን ሳያሰማ ሸጠብኝ ተብሎ ስሙ እንዲነሣ አልፈለገም። ያችን ሴት ጠርቶ፣ መብራት መጥቶ ፒያኖው ዝም ካለ ሊመልሱልኝ፣ እኔም ብሩን ልመልስ፣ አንቺ ምስክር ነሽ አላት። እሷም ላስቲኳን እንዳቀፈች እሺ አለች። ተጨባበጥን። ዕቃውን በባጃጅ ጭነን፣ ጀማል ከዚያው ላስቲክ በቆረጠልን ቁራጭ ሸፍነን ወሰድነው።

መብራቱ ሲመጣ ፒያኖውም ጮኸ። ልጄ ክረምቱን ሙሉ ስትታገለው ከርማ ለፈተናው ሄደች።

አልተቀበሏትም። ከአውቶቡስ ስትወርድ ጠየቅኋት።

“ቁልፉ አልከበደኝም አባዬ። ሌሎቹ በአጨዋወት በለጡኝ” አለችኝ። አላለቀሰችም።

አሁን እዚሁ አጠገባችን፣ ጠዳ ከተማ አስተማሪ ናት። ሰዎች ምነው ላምህን ለዚህ ሸጥክ ይሉኛል። አልጸጸትም ብል ውሸት ነው፤ እግሬን ባመመኝ ቁጥር እጸጸታለሁ። ግን ያን ዕቃ ባልገዛላት ኖሮ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የጣላት የቁልፉ ክብደት ይመስላት ነበር። አሁን ያቃታትን ታውቃለች። እኔም ደክሞኛል፤ ይሄው ይበቃኛል።