ቀድሞ የደረሰ መርዶ

አጎቴ በሚኖርባት የፍስሐ ገነት ከተማ ከሰዓት በኋላ አረፈ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ አዝላ ያሳደገችው። እኛ ዲላ ያለን ዘመዶች ተሰባስበን፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ጋር እዚሁ ዲላ ያለው ቤቷ ሄደን ልናረዳት ተስማማን። ሰው በስልክ አይረዳም። ደግፎ የሚይዘው፣ አብሮት የሚያለቅስ ሰው ያስፈልገዋል።

ልጄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ስነግራት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ እንባዋ ሳይደርቅ የአጎቴን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። ለእሷ ለቅሶ ማለት ያ ነው። ጓደኞቿ ከያሉበት «አይዞሽ» ሲሏት ትጽናናለች። አያቷ ያላት ተራ ስልክ ስለሆነ ነገሩ ይደርሳታል ብላ አላሰበችም።

ንጋት ላይ ስንደርስ የእናቴ በር ተከፍቷል። ወንበሮቹ ግድግዳውን ተጠግተው ተደርድረዋል። ሽማግሌው እንደ ደንቡ ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ነገሯት። እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ቤቱ በለቅሶ ሲናጥ ከእሷ ዓይን እንባ አልወጣም። ሊይዟት ከአጠገቧ የቆሙት ሴቶች ግራ ገባቸው።

ነጠላዋን ላመጣላት ጓዳ ስገባ ተከትላኝ ገባች።

«ትናንት ማታ ሐዋሳ ያሉ ዘመዶች ደወሉልኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ልጅሽ የለጠፈችውን አይተው ነው። እግዚአብሔር ያጽናሽ አሉኝ። ምን ልበል? አሜን አልኩ። ከዚያ ብቻዬን፣ ጎረቤት እንዳይሰማ አፌን ይዤ አለቀስኩ። አሁን ከየት ላምጣው?»

ንዴቱ ብሶብኝ ልጄን ልጠራት ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«እንዳትነግሪያት! ልጅ ናት። ስለምትወደው ነው ያደረገችው።»

ቀብሩ ላይም ጠብ የሚል እንባ አጣች። ከኋላችን የቆሙ የአጎቴ ሚስት ዘመዶች «እህቱ ናት ደግሞ! ምን ዓይነት ልብ ነው?» ሲባባሉ ሰማሁ። እናቴም ሰምታለች። ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም።

ወደ ዲላ ስንመለስ እናቴ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣለች። ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እማዬ፣ አያቴ ግን ወንድሟን አትወደውም ነበር እንዴ?»