የሞጣው ካሴት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በየጾሙ ተንበርክኬ ስካሬንና ሐሜቴን ስዘረዝር ኖሬአለሁ፤ ይችን ግን ዘልያት አልፋለሁ። አንተ የምታነበው ንስሐ አትሰጠኝም፤ ስለዚህ ላንተ ይቀለኛል።

ልየውና እኔ ቢቸና አብረን አደግን። አኮርዲዮን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እኔ የሰው ዘፈን ስደግም፣ እሱ በሂሳብ ደብተሩ ላይ በማስመሪያ አምስት አምስት መስመር እያሰመረ የራሱን ዜማ ይጽፍ ጀመር። የመጀመሪያ ሥራው እናቱ የሞቱ ጊዜ ታላቅ እህቱ፣ እትዬ ጥሩዬ፣ ካወረዱት ሙሾ የተነሣ ነበር። ደብተሩን ሳይ አለቀስኩ። ለእናቱ ይመስልሃል? በቅናት ነው።

ሞጣ አዳራሽ ስናቀርበው እሱ ዋሽንት፣ እኔ አኮርዲዮን ያዝን። እትዬ ጥሩዬ ያገቡት ሞጣ ነውና ከፊት ተቀምጠዋል። እኔ አውቄ አበላሸሁት። እሱ ሲወርድ እኔ ወጣሁ፤ እሱ ሲያዘግም እኔ ሮጥኩ። ሰዉ ሳቀ። በእናታቸው ሙሾ ሳቀ። እትዬ ጥሩዬ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሲጥሉ አየሁ፤ አይቼም አላቆምኩም። ደስ ብሎኝ ነበር።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ልየው፣ «አይዞህ፣ የአኮርዲዮኑ ቁልፍ ተበላሽቶብህ ነው» አለኝ። ደብተሩን ዳግም ላየው አልፈልግም ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ ማንም ያልለመደውን ሙዚቃ ጻፈ፤ ለገባው ድንቅ፣ ላልገባው ጩኸት። በዚያው ስሙ ገነነ።

እሱ ከሞተ ወዲህ፣ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የተቀዳ ካሴት ሞጣ ከአንድ አሮጌ ሱቅ ተገኘ። የሙዚቃ ባለሙያዎች በላፕቶፕ ይዘውት መጡ። እትዬ ጥሩዬ ቤት ሰብስበውን የእኔን ክፋት አስደመጡን፤ የልየው አዲስነት የጀመረው ከዚህ ነው አሉ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። እትዬ ጥሩዬ ብቻ፣ «ይሄ የወንድሜ አይደለም፤ የእናቴ ሙሾ እንዲህ አይደለም» አሉ። ሊያዜሙት ሞከሩ፤ ትንፋሽ አጠራቸው። ባለሙያዎቹ የተጻፈ ነገር ይኖር እንደሆነ እኔን ጠየቁኝ። እኔ ምን አልኩ? የለም አልኩ። እትዬ አርጅተዋል፣ ነገር ይምታታባቸዋል አልኩ፤ እዚያው ፊታቸው። ልጆቻቸው ሳይቀሩ እኔን አመኑ። ከዚያ ወዲያ ሙሾውን ባነሱ ቁጥር እሺ እማዬ እያሉ ያልፏቸው ነበር።

ባለፈው ወር ታመው፣ አኮርዲዮኔን ይዤ እንድመጣ አስጠሩኝ።

«አንተ ታውቀዋለህ» አሉኝ። «ሳልሞት አንዴ በደንቡ አሰማኝ። ሌላ አልጠይቅህም።»

ጣቶቼ ደርቀዋል አልኳቸው።

ጣቶቼ አልደረቁም። የዚያን ዕለት ማለዳ ቢቸና ቤቴን ዘግቼ፣ ደብተሩን ከሣጥኔ አውጥቼ፣ ከዳር እስከ ዳር ተጫውቼዋለሁ። አንድም ቦታ አልተሳሳትኩም። ታዲያ ለምን ከለከልኳቸው? እንዳልጋለጥ ፈርቼ ልበል? ይሄ ግማሹ ነው። ግማሹ፣ ያ ዜማ ከእኔ በቀር የማንም እንዳይሆን ፈልጌ ነው።

እትዬ ጥሩዬ በሦስተኛው ቀን ተቀበሩ። ይቅር በለኝ አልልህም። ደብተሩን እስከ ዛሬ ለማንም አልሰጠሁም።