የትናንት ሻይ ለእናቴ አይሰጥም

አባቴን በቀበርን ማግስት ጠዋት የለቅሶ ቤቱን ሻይ ደፋሁ። አዎ፣ ደፋሁት፤ ያውም ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ እያየኝ። እስከ ዛሬ ሰፈራችን ውስጥ «ሻይ ደፊዋ» የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። ነገም ቢመጣብኝ እደፋዋለሁ።

ወሩ መጋቢት ነበር። ሐዋሳ በመጋቢት ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃታል፤ ድንኳን ውስጥ ሲሆን ደግሞ አይነሳ። በዚያ ሙቀት ትኩስ ሻይ ማን ይጠጣል? ስለዚህ የእኛ እድር ሴቶች በበጋ ለቅሶ ሻዩን የሚያቀርቡት አቀዝቅዘው ነው። በቀረፋና በቅርንፉድ ያፈሉታል፣ ሎሚ ይጨምቁበታል፣ ከዚያ ክዳን ባለው ትልቅ የፕላስቲክ በርሜል ያጠራቅሙታል። እስከዚህ ድረስ እሰየው ነው። ችግሩ በርሜሉ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ማታ የተረፈው እዚያው ያድራል፣ ጠዋት አዲሱ ላዩ ላይ ይገለበጥበታል። የእድሩ ሴቶች ሰብሳቢ፣ ሰፈሩ በሙሉ እትዬ የሚላቸው ትልቅ ሴት፣ ለጠላ እርሾ እንደሚተወው ሁሉ ሻይም የትናንቱ ካልገባበት አይጣፍጥም ባይ ናቸው። ደግሞ ቅርንፉድ የገባበት ነገር አይበላሽም ይላሉ። ሻይ ከመቼ ወዲህ ነው ጠላ የሆነው?

እኔ እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። እዚያ ቀዝቃዛ ሻይ ካልተሸጠ ማታ ይደፋል፤ ክርክር የለውም። ፍሪጅ ውስጥ እንኳ ቢሆን ሁለት ሌሊት አያድርም ነበር። አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ሳይቀዘቅዝ የዋለ ሻይ ለምን ይደፋል ብሎ የጠጣ አስተናጋጅ ሆዱን ይዞ ሲንፈራፈር አይቻለሁ። ወጣት ስለነበር ተነሳ።

እናቴ ግን ወጣት አይደለችም። ከቀብር ከተመለስን ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ፍራሽ ላይ ተኝታለች። እህል አትቀምስም። ከጎረቤቶቿ ጋር በሲዳምኛ ስትጫወት የማትጠገብ ሴት በሲዳምኛም በአማርኛም አንድ ቃል አልወጣትም። በጉሮሮዋ የሚወርድላት ቀዝቃዛ ሻይ ብቻ ነበር፤ እሱንም ቀና አድርጌ ይዣት ትንሽ ትንሽ ነው። አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች የማትሰማ መስሏቸው እሷም አትቆይም፣ ተከትላው ትሄዳለች ይባባላሉ። ይህን ስሰማ አንጀቴ ይቃጠላል። በዚያ የደከመ ሰውነት ላይ ደግሞ ተቅማጥ ቢጨመርበት በምን አቅሟ ትነሳለች?

በዚያ ጠዋት ለእሷ ልቀዳ የበርሜሉን ክዳን ብከፍት ላዩ ላይ ቀጭን ነጭ አረፋ ይዟል። ሽታው የከረመ ፍራፍሬ ነው። እትዬን ጠራኋቸው። በጣሳ ቀድተው ቀመሱና ሎሚው ነው አሉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ትኩሱን ጨምሩበት ብለው ሴቶቹን አዘዙ፤ እኔንም ለእናትሽ ቅጂላት እንጂ ምን ቆመሽ ትቆጣጠሪኛለሽ አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ድሮም ብዙ የለኝም፣ ያለችኝም ያን ጊዜ ጠፋች። በርሜሉን በሁለት እጄ አቅፌ ወደ ቦዩ አጋደልኩት። ሻዩ ከነሎሚው፣ ከነቅርንፉዱ በበሩ ፊት ወረደ።

«እትዬ፣ አባቴን ቀብሬያለሁ» አልኳቸው። «እናቴን በሻይ አልቀብርም። ከፈለጉ እርስዎ ይቀየሙኝ።»

ተቀየሙኝም። ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቷል አሉ፤ ቀጥለው ዓይኗን በጨው ያጠበች ናት አሉ፤ በመጨረሻ ሴቶቹ ሥራ እንዲያቆሙ አዝዘው ክንዳቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ለቀስተኛው በባዶ እጁ ላቡን ይጠርጋል። አንድ ዘመዳችን ሊያስታርቀን ፈልጎ ከሐይቁ ዳር፣ ዓሣ ከሚሸጡት ሰዎች ዘንድ፣ በማዳበሪያ ከረጢት በረዶ ይዞ መጣ። ሻዩን ቶሎ ያቀዘቅዝልሻል አለኝ። በረዶው ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎ ያብረቀርቃል። አመስግኜ እሱንም መለስኩ። ይህንንም ንቀት ነው አሉት፤ ይበሉት።

ብቻዬን ጀመርኩ። ውኃውን እስኪንተከተክ አፈላሁት። የእድሩን ድስት አልነካሁም፤ የራሳችንን መካከለኛ ድስት ወሰድኩ፣ በቀኑ ከሚጠጣው በላይ አልፈልግማ። ቅጠሉንና ቀረፋውን ጨምሬ፣ እሳት ላይ እንዳለ ቀለሙን ሲሰጥ አጠለልኩት። ክዳኑን ገጥሜ ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ የሞላ ሳፋ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ውኃው በሞቀ ቁጥር እየደፋሁ ሌላ ቀየርኩ። ማንቆርቆሪያውንና ብርጭቆዎቹን በፈላ ውኃ አለቀለቅኩ። ሎሚውን በየብርጭቆው ሲቀዳ እንጂ አስቀድሜ አልጨመቅኩም። ሻዩ ሲበርድ ከማታ ጀምሮ ጠፍቶ የነበረው መብራትም መጣና ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት። ሴቶቹ ሁሉንም ቁጭ ብለው ያያሉ፤ ለአንድ ድስት ሻይ ይህ ሁሉ ጣጣ የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። አዎ፣ ይህ ሁሉ ጣጣ።

የመጀመሪያውን ብርጭቆ ይዤ ወደ እናቴ ስገባ እትዬ ተከትለውኝ ገቡ። ፍራሹ አጠገብ ቆመው ለእናቴ ከሰሱኝ፤ ልጅሽ በሐዘንሽ ቀን አዋረደችን፣ የሰው ድካም ቦይ ደፋች አሏት። በሩ ላይ ሌሎቹ ሴቶች ተሰበሰቡ። የእናቴን ራስ ደግፌ ቀና አደረግኳትና ብርጭቆውን ከንፈሯ ላይ አደረግኩላት። ብትመልሰውስ እያልኩ ጠበቅኩ።

ጠጣች። እንደ ትናንቱ ትንሽ ትንሽ ሳይሆን ብርጭቆውን ከእጄ ወስዳ፣ በራሷ እጅ ይዛ፣ እስከ ታች ጠጣች። ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ ወደ እኔ ዘረጋችና፦

«ድገሚኝ» አለች።

እትዬ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። እናቴ ከግድግዳው ዞራ፣ እሳቸውንም በሩ ላይ ያሉትንም ሴቶች አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ሻዩን እሷ ታፍላው» አለቻቸው። «እኔ ገና አልሞትኩም።»