ዳልጮ ይሁዳ የሆነበት ፋሲካ

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ዳልጮ የሚባል አናጢ ነበር። ሰው የሚያስታውሰው ግን በሠራቸው በሮችና አግዳሚ ወንበሮች አይደለም። በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ሌላ ሰው ሆኖ ነበር፤ ከዚያ ሰው ለመመለስ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀበት።

አባቱ ዲንካ ነፊ ነበሩ። ዲንካ ረጅም የቀርከሃ ዋሽንት ነው፤ ትልቅ ሰው ሲሞት ለቅሶ ላይ ይነፋል። አባቱ ጌታን ባመኑ ጊዜ፣ የድሮው አምልኮ ዕቃ ነው ብለው በእንሰቱ ጓሮ አቃጠሉት። ማንም አላስገደዳቸውም፤ በማመናቸውም እስከ ሞታቸው ቀን አልተጸጸቱም። ብቻ ቀርከሃው እሳት ውስጥ ገብቶ ሲሰነጠቅ አንዴ በረጅሙ ፏጨ። አባትየው ፊታቸውን ወደ ቤቱ ግድግዳ አዙረው ተንሰቀሰቁ። ዳልጮ ያንን ለቅሶ አየ፤ ለማንም ሳይናገር ይዞት አደገ።

ዳልጮ በሚሠራበት የወንጌል ሚሽን ግቢ የአናጢዎች አለቃ ሚስተር ኮሊን የሚባሉ አውስትራሊያዊ ነበሩ። በአገራቸው አሥራ አምስት ዓመት በትያትር መድረክ ላይ የኖሩ፣ የሚዘፍኑ፣ አኮርዲዮን የሚጫወቱ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ከትያትር በኋላ ቀለማቸውን ለመጥረግ መስታወት ፊት ቢቀመጡ፣ የሚያዩት ፊት የማን እንደሆነ ጠፋቸው። ብዙም ሳይቆዩ አመኑ፤ መድረኩን ትተው መጋዝ፣ መላጊያና አኮርዲዮናቸውን ይዘው ባሕር ተሻገሩ።

«ስንት ሰው ሆነዋል ሚስተር?» ይላቸው ነበር ዳልጮ እንጨት እየላገ።

«ንጉሥ ሆኛለሁ። ሌባ ሆኛለሁ። አንዴ ላም ሆኛለሁ።»

«ላም?»

«የኋላ እግሮቿን ብቻ። የፊቶቹን የሆነው ጓደኛዬ ነበር።»

አናጢዎቹ ሥራቸውን ጥለው ይስቃሉ። ማታ ማታ፣ ከሥራ ሲወጡ፣ ሚስተር ኮሊን ለዳልጮ አኮርዲዮን ያስተምሩታል። በሁለት ዓመት ውስጥ በጸሎት ቤቱ መዝሙር የሚመራው እሱ ሆነ። አባቱ ያቃጠሉትን ነገር እግዚአብሔር በሌላ መልክ እንደመለሰለት ቆጠረው። ሌላም ያመሰግንበት የነበረ ነገር አለ፤ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ የአቶ ጦና ልጅ፣ ሣራ፣ ታጭታለት ነበር።

በ1949 ዓ.ም. ፋሲካ ሚስተር ኮሊን የጌታን መያዝ በትያትር እናሳይ አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳምንት ሙሉ ተከራክረው ፈቀዱ። ጌታን ሊሆን የሚደፍር ግን አልተገኘም፤ ስለዚህ ምሰሶ ተተክሎ የሣራ ነጭ ነጠላ ተሰቀለበት፣ እሱ ጌታ ሆነ። ጴጥሮስን አምስት ሰው ፈለገው። ይሁዳ ሲባል ሁሉም መሬት መሬት አየ።

«እኔ እሆናለሁ» አለ ዳልጮ። ማንም ካልሆነ ትያትሩ ሊቀር ነዋ!

አንድ ነገር ብቻ ሚስተር ኮሊንን አሳስቧቸዋል። «በእኛ አገር» አሉ ለአቶ ጦና፣ «ሲያልቅ ሁሉም ተመልሰው ይወጣሉ። ተሰልፈው እጅ ይነሳሉ፣ ሰው ያጨበጭባል። ሞቶ የነበረው ይነሳል፤ ክፉ የነበረው ይስቃል።»

አቶ ጦና ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። «በጸሎት ቤት ለሰው አይጨበጨብም» አሉ። «ክብሩ የእግዚአብሔር ነው። እንዳለቀ እንጸልያለን።»

እንደተባለው ሆነ። ዳልጮ በሕዝቡ መካከል አልፎ «ሳሮ መምህር» ብሎ ነጠላውን ሳመ። ሳሮ የየዕለቱ የወላይታ ሰላምታ ነው፤ ሰው ጧት ለጎረቤቱ የሚለው። ከዚያ ዳልጮ ይሁዳ የታነቀበትን ገመድ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። የራሱ ለቅሶ አልነበረም፤ በእንሰቱ ጓሮ ያየው ነው። አንዲት አሮጊት «ሂድ ከዚህ!» ብለው ከዘራቸውን ወረወሩበት። ዳልጮ በጓሮ በር ወጣ። አቶ ጦና ወዲያው «እንጸልይ» አሉ፤ ሕዝቡ ዓይኑን ጨፈነ። ዳልጮ ተመልሶ ሲገባ ማንም አላየውም።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ወንድሞች ጉንጭ ለጉንጭ ሲሳሳሙ፣ ዳልጮ ዘንድ ሲደርሱ እጅ ብቻ ዘረጉለት። ሰኞ ገበያ ቅቤ ሻጯ ፋንታዬ፣ እንደ እናቱ የሚያያት ሴት፣ ጉንጯን በነጠላዋ ሸፈነች። «አይ ልጄ፣ አውቃለሁ ጨዋታ እንደሆነ። ብቻ... ከንፈርህን ሳየው ሰውነቴ ይሰቀጥጠኛል። ይቅር በለኝ» አለችው። ልጆች «ይሁዳ! ይሁዳ!» እያሉ እስከ አናጢው ቤት ይከተሉታል።

አቶ ጦናም እጮኝነቱን አፈረሱ፤ ዳልጮ ቤታቸው ሄደ።

«አባባ፣ እኔ እኮ ዳልጮ ነኝ!»

«አውቃለሁ። ቂል አይደለሁም።»

«ታዲያ ሣራን ለምን ይከለክሉኛል?»

«ስትስመው አልደነገጥኩም። ለቅሶህ ነው ያስደነገጠኝ። ያ ለቅሶ እውነተኛ ነበር። ከየት አመጣኸው? ያልሠራውን ኃጢአት እንዲያ አድርጎ የሚያለቅስ ሰው፣ ነገ ልጄን እወዳታለሁ ብሎ ቢምልልኝ በምን ልመነው?»

ዳልጮ ስለ አባቱ ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ሟች አባቱ በእምነታቸው የተጸጸቱ ይመስላቸዋል ብሎ ፈራ። ዘጋው።

ሚስተር ኮሊን ነገሩን ሰምተው እየሮጡ መጡ። አማርኛቸው ለእንጨትና ለሚስማር ይበቃል፤ ለዚህ ግን አልበቃም። ማስመሰል ነው ለማለት ቃሉ ጠፋቸውና በጸሎት ቤቱ ደጅ፣ በሽማግሌዎቹ ሁሉ ፊት፣ «አቶ ጦና፣ ያያችሁት ሁሉ ውሸት ነው! እኔ ነኝ ያስተማርኩት!» ብለው ጮኹ።

«የጌታ መከራ ውሸት ነው?» አሉ አንዱ ሽማግሌ በቀስታ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን የሚያቃና አልተገኘም።

ሣራ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ አናጢው ቤት መጣች። በሩ ላይ ቆመች። «የሳምከው ነጠላዬን ነው» አለችው ልትስቅ እየሞከረች፤ «የተሸጥኩት ግን እኔ ሆንኩ።»

«እንሂድ ሣራ። በዴሳ ከተማ አጎት አለኝ።»

«እኔ አምንሃለሁ። አባቴን አሳዝኜ ግን አልሄድም። አንተም እንዲያ ያለችውን ሣራ አትወዳትም።» እውነቷን ነበር።

በዓመቱ ለጉኑኖ ሰው ተዳረች። የሠርጉን መዝሙር በአኮርዲዮን የሚያጅብ ከዳልጮ በቀር ስላልነበረ ዳልጮ ተጫወተ። አንድም ድምፅ አልሳተም።

ሚስተር ኮሊን በ1951 ታመው ወደ አገራቸው ተመለሱ። አኮርዲዮኑን ለዳልጮ ትተው፣ ላንድሮቨሩ ላይ ከመውጣታቸው በፊት በጭቃው መካከል ቆመው እጅ ነሱት፤ ጎንበስ ብለው፣ እንደ መድረክ ሰው። «ይህን ነበር የነፈግሁህ» አሉት።

ዳልጮ አላገባም። ቅዳሜ ሲደርስ አኮርዲዮኑን በጀርባው አዝሎ በሁምቦ ሙቀት፣ በበዴሳ መንገድ፣ ከጸሎት ቤት ጸሎት ቤት እየዞረ ያዘምር ነበር። መዝሙሩን ሁሉም ወደደው። ከመዝሙሩ በኋላ ግን እጅ ይዘረጉለታል። እሱም እጃቸውን ጨብጦ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ምሬት ይዞት አልኖረም፤ ግን ማታ ብቻውን ሲበላ ዳቦውን ለሁለት የመቁረስ ልማድ ነበረው።

በ1960 ክረምት ሣራ በወሊድ ሞተች። አስከሬኗ አባቷ ቤት፣ ሶዶ መጣ።

ዳልጮ ለቅሶው ላይ ከሁሉ ኋላ ቆመ። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ፤ ወንዶቹ ይጮኻሉ። እሱ ዓይኑ ደረቅ ነበር። ሰውነቱ እንደ ተላገ ሳንቃ ደርቋል። አጠገቡ የቆሙት ተያዩ።

«ይኸው፣ ለትያትር ያነባ ሰው ዛሬ እንባ አጣ!» አለ አንዱ።

አቶ ጦና ሰሙ። አርጅተዋል፤ በሁለት ሰው ተደግፈው ነበር። ደጋፊዎቻቸውን ትተው፣ በከዘራቸው እየተንገዳገዱ በለቀስተኛው መካከል መጡና ፊቱ ቆሙ። ደረቅ ዓይኑን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ልጄ» አሉት። «አስመሳይ ብትሆን ዛሬ ታለቅስ ነበር። አመንኩህ።»

ከዚያ ጉንጫቸውን ሰጡት።

ዳልጮ መጀመሪያ ምን እንደሚፈልጉ አልገባውም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ በአንድ ወገን፣ በሌላው፣ ደግሞ በመጀመሪያው ሳማቸው። ሽማግሌው ሁለቱን እጃቸውን አንገቱ ላይ ጣሉ። እንባው ያኔ መጣ፤ ተንሰቀሰቀ፣ ፊቱንም ወደ ግድግዳ አላዞረም። የዚያን ቀን፣ ያን ለቅሶ ከየት አመጣኸው ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።